ከቡና ገለፈት ሊግኒን አውጥቶ መሸጥ ያዋጣል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ። ጅማ አካባቢ አባቴ የደረቅ ቡና መፈልፈያ አለው። ገለፈቱ በየዓመቱ ይከመራል፤ ከፊሉን እናቃጥለዋለን፣ የቀረው ዝናብ እየመታው ይበሰብሳል። ከሊግኒን ካርቦን ፋይበር፣ ባዮፕላስቲክ፣ የባትሪ ካርቦን፣ ቫኒላ ሳይቀር እንደሚሠራ አነበብኩ። ገለፈቱን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅዬ፣ ሊግኒኑን ለይቼ በዱቄት መልክ ለውጭ ገበያ ባቀርብ ያዋጣኛል? ከየትኛው ምርትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደስታ ነው ያነበብኩት። መልሴን ሳላንዛዛ ላስቀድም፦ ሊግኒኑን ለይተሽ ለመሸጥ አትነሺ። እዚያው ገለፈቱ ውስጥ እንዳለ ሥራ አሠሪው። ምክንያቱን በቁጥርም በታሪክም ላሳይሽና፣ ከዚያ በእጅሽ ባለው ክምር ምን ብታደርጊ እንደሚሻል እንነጋገራለን።

አንቺ የምታውቂውን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ባጭሩ ልድገመው። የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ፤ ጭዱ ሴሉሎስ ነው፣ ጭዱን አጣብቆ ግድግዳውን የሚያቆመው ጭቃ ደግሞ ሊግኒን። ከደረቅ ተክል ክብደት እንደየዝርያው ከ15 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ እንደ ጥድ ባሉት ዛፎች ከፍ ይላል፣ በአገዳና በሣር ዘሮች ዝቅ ይላል። ሁለት ጠባዮቹን ያዙልኝ። አንደኛው፣ ሞለኪውሉ የተገነባው ከፔትሮሊየም ከምናገኘው ፌኖል (የሙጫና የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል) ጋር በሚቀራረቡ ቀለበቶች ነው። የዓለም ኬሚስቶች ተስፋ የጣሉበት ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ደረቁ ሊግኒን ከ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ይላላል፣ እርጥበት ካለው ከዚያም ባነሰ ሙቀት፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ለአንቺ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ማውጣቱ እንሂድ። ሊግኒን በዓለም ላይ እጥረት የለበትም። የወረቀት ፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት የሚሠራበትን የእንጨት ክር፣ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች እንጨቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና (ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው) በሶዲየም ሰልፋይድ ይቀቅሉታል፤ ካርል ዳል የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1879 የፈለሰፈው ክራፍት የሚባለው ዘዴ ነው። ሴሉሎሱ ለወረቀት ይቀራል፣ ሊግኒኑ ተሟምቶ በጥቁሩ ውኃ ይወጣል። በዚህ መንገድ በየዓመቱ የሚወጣው ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው፤ አብዛኛው ግን አይሸጥም። እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ይቃጠላል። ይህን እንደ ብክነት የሚያዩት አሉ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። በ1930ዎቹ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ የሠራው የማስመለሻ ቦይለር ጥቁሩን ውኃ ሲያቃጥል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ለፋብሪካው እንፋሎትና መብራት ያመነጫል፣ የተቀቀለበትንም ኬሚካል መልሶ ለሚቀጥለው ቅቅል ያዘጋጃል። የክራፍት ፋብሪካ ትርፋማ ሆኖ የቆየው ኬሚካሉን በየቀኑ እንደ አዲስ ስለማይገዛ ነው።

አንቺ ግን ያ ቦይለር የለሽም። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ቶን ደረቅ ገለፈት ያዢ። ሊግኒኑን 20 በመቶ እንበል፤ ለቡና ገለፈት ይህ ደግ ግምት ነው። 200 ኪሎ ማለት ነው። ስትቀቅዪው ሁሉም አይሟሟም፣ የሟሟውም ሁሉ መልሶ አይዘቅጥም፤ ግማሹን በእጅሽ ካስገባሽ ጥሩ ሠርተሻል፣ 100 ኪሎ። ለመቀቀያው ከገለፈቱ ክብደት 15 በመቶ ያህል ኮስቲክ ሶዳ ብትጨምሪ 150 ኪሎ ይሆናል። ሊግኒኑን ከውኃው ለማዝቀጥ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 2 ወይም 3 ማውረድ አለብሽ፤ ያንን 150 ኪሎ ሶዳ ለማምከን ብቻ 180 ኪሎ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ትፈልጊያለሽ። ወደ 330 ኪሎ ኬሚካል ገዝተሽ 100 ኪሎ ሊግኒን አገኘሽ። ከዚያ በተጨማሪ ከ260 ኪሎ በላይ ሶዲየም ሰልፌት የሟሟበት ቡናማ ውኃ ቀረልሽ። ያንን ውኃ የት ትደፊዋለሽ? የእርጥብ ቡና ማጠቢያዎች የሚለቁት ውኃ የጅማን አካባቢ ወንዞች ምን እንዳደረጋቸው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌላ ጨው የተሸከመ ጥቁር ውኃ ሊጨመርባቸው አይገባም።

ማጣሪያው ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ጥቁሩ ውኃ ላይ አሲዱን ጠብ ጠብ ስታደርጊ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ፒኤቹ እየወረደ ሲሄድ በድንገት ይደፈርሳል፣ ቀለሙም ወደ ቀላ ያለ ቡኒ ይከፈታል። ያየሽው ደለል ሊግኒን ነው። በቀዝቃዛው ካጣራሽው ግን ቅንጣቶቹ ደቃቅና የሚያሟልጩ ስለሆኑ ጨርቁን ወዲያው ይደፍኑታል፤ ማጣሪያው ሲያንጠባጥብ ያድራል። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አሙቀሽ ቀስ ብለሽ ስታማስዪው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ውኃው ያልፋል። ስዊድን ውስጥ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲና ኢንቬንቲያ የተባለው የምርምር ተቋም የሠሩት ሊግኖቡስት የሚባለው ዘዴ ዋና ጥበቡ ይህን የማጣሪያ ችግር መፍታቱ ነው። መጀመሪያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዘቅጣል፣ ያጣራል፣ ከዚያ ደለሉን በአሲድ ውኃ በጥብጦ ድጋሚ አጣርቶ ያጥበዋል። ዶምታር የተባለው የፐልፕና የወረቀት ኩባንያ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ፕሊመዝ ላይ በ2013፣ ሌላው የዘርፉ ኩባንያ ስቶራ ኤንሶ ፊንላንድ ሱኒላ ላይ በ2015 በዚህ ዘዴ ማምረት ጀመሩ፤ የሱኒላው አቅም በዓመት 50,000 ቶን ነበር። ሁለቱም የተተከሉት ግን ከነባር የፐልፕ ፋብሪካ ጎን ነው። የመቀቀያውን ወጪ ፐልፑ ከፍሎታል፤ ሊግኒኑ የመጣው በትርፍነት ነው። አንቺ ከነሱ ጋር በዓለም ገበያ ልትወዳደሪ ነው የምታስቢው፣ ወጪውን ሁሉ 100 ኪሎዋ ሊግኒን ላይ ጭነሽ።

«ታዲያ ማንም አልተሳካለትም?» ትዪኝ ይሆናል። የተሳካላቸው አሉ፣ ከሁሉ በፊት የኖርዌዩ ኩባንያ ቦረጋርድ ይጠቀሳል። ሳርፕስቦርግ ላይ ከስፕሩስ እንጨት ልዩ ሴሉሎስ፣ ኢታኖል፣ ሊግኖሰልፎኔትና ቫኒሊን (የቫኒላን ጣዕም የሚሰጠውን ኬሚካል) ያወጣል። ሊግኖሰልፎኔት በውኃ የሚሟሟ የሊግኒን ዓይነት ነው፤ ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ የሲሚንቶ ቅንጣቶች እንዳይጓጎሉ ያደርጋል፣ ውኃ ሳይጨመር አርማታው ይላላል። የአስፋልት ያልሆነ መንገድ አቧራ ያስራል፣ የከብት መኖ እንክብል ያያይዛል፣ በመኪና ባትሪ የእርሳስ ሳህን ውስጥም ይገባል። ቦረጋርድ ቫኒሊን ከእንጨት ማምረት የጀመረው በ1962 ነው። ከእሱ ቀደም ብለው በአሜሪካና በካናዳ ከፐልፕ ፋብሪካ ዝቃጭ ቫኒሊን የሚያወጡ ነበሩ፤ ርካሹ የፔትሮሊየም ቫኒሊን መጥቶ ገበያውን ሲወስድባቸው ቆሙ። የኖርዌዩ የጸናው ከአንዲት ግንድ የሚወጣውን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ለየገዢው አሰናድቶ ስለሚሸጥ ነው። ለአንቺ ግን ቫኒሊኑን እርሺው። ጥሩ ቫኒሊን የሚሰጠው የጥድ ዓይነቶች ሊግኒን ነው፤ ከእሱም ቢሆን የሚገኘው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ካርቦን ፋይበሩን ቶሎ ልለፈው። ጃፓኖች ከሊግኒን ካርቦን ፋይበር ሠርተው ለገበያ ካቀረቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪም ብዙ ለፍቶበታል። እስካሁን ጥንካሬው ከፔትሮሊየሙ አይደርስም፣ የሚፈልገውም ሊግኒን አመዱ እጅግ ያነሰ፣ ንጽሕናው የተጠበቀ ነው። የቡና ገለፈት ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ ከዚህ ምርት በጣም የራቀ ጥሬ ዕቃ ነው። የባትሪው ካርቦንም መነሻው ያው የተጣራ የእንጨት ሊግኒን ነው። ባዮፕላስቲክ የሚባለውም በአብዛኛው ሊግኒንን በሌላ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ሙሌት መጨመር ነው፤ ለሙሌት ውድ ዋጋ የሚከፍል የለም።

ከኬሚስትሪው ይልቅ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ማሰባሰቡ ነው። የአሜሪካው ኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት በአዮዋ ኔቫዳ ከተማ ከበቆሎ አገዳ ኢታኖል የሚያወጣ ግዙፍ ፋብሪካ በ2015 መርቆ በ2017 ከሥራው ወጣ። የዚህ ዘርፍ ፋብሪካዎች ከተፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ አፈር የያዘ፣ እርጥበቱ ከቀን ቀን የሚለያይ፣ ማሽን የሚበላ ጭነት ነው። አንቺ ግን እዚህ ላይ ከዱፖንት ትበልጫለሽ። ገለፈትሽ መፈልፈያው በር ላይ፣ ደርቆ፣ በመጠኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወርድልሻል። ገበሬ ማሳ ሄደሽ አትለቅሚም፣ የማንንም ከብት መኖ አትሻሚም። የጤፍ ጭድ ለምሳሌ «ተረፈ ምርት» ይባል እንጂ በሬ ይበላዋል፣ ግድግዳ ይለሰንበታል፤ በብር ይሸጣል። ጭድን ለፋብሪካ እንሰብስብ የሚሉ ፕሮጀክቶችን ሳይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። (እምቦጭን የሚያነሱልኝም አሉ፤ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ የሆነን ተክል ለማድረቅ የሚወጣው ነዳጅ ከሚገኘው ይበልጣል፣ ለባዮጋዝ ይሻላል።)

በአገራችን ሊግኒንን በኢንዱስትሪ ደረጃ የማውጣት ነገር አንድ ቀን ቢመጣ፣ የሚመጣው በስኳር ፋብሪካዎች በኩል ይመስለኛል። ወንጂ ያለው የወረቀት ፋብሪካ የሚሠራው በዋናነት ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ነው፤ ጥቁር ውኃ የሚወጣበት ትልቅ የኬሚካል ፐልፕ ፋብሪካ የለንም። ባጋሱ (ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የሸንኮራ አገዳ ገለባ) ግን ፊንጫም መተሐራም ተሰብስቦ፣ ተጨምቆ፣ ቦይለር አጠገብ ይጠብቃል። ደቡብ አፍሪካ ሴዜላ ላይ ከባጋስ ፉርፉራል የሚያመርት የስኳር ፋብሪካ አለ። ፉርፉራል የሚባለው ኬሚካል ከሊግኒኑ ሳይሆን ከሄሚሴሉሎሱ (በተክሉ ውስጥ ካለው ሌላ የስኳር ሰንሰለት) ነው የሚወጣው፤ የብረት ማቅለጫ ሻጋታ ለሚያያይዝ ሙጫና የሞተር ዘይት ሲመረት ለማጥራት ያገለግላል። በንግድ ደረጃ የተጀመረው በ1922 ነው፤ የአሜሪካው ኩዌከር ኦትስ በአዮዋ የተከመረበትን የአጃ ገለፈት አይቶ የገባበት ሥራ ነው። ገለፈት የተከመረበት ሰው ታሪክ ስለሆነ ነው ያነሳሁልሽ። ያወጡት ግን የራሳቸው ገለፈት በደንብ የሚሰጠውን ነበር፤ የአጃ ገለፈት ለፉርፉራል የሚሆነው ዚላን የተባለው የሄሚሴሉሎስ ዓይነት በብዛት አለው።

የአንቺ ገለፈት በደንብ የሚሰጠው ምንድነው? ሙቀትና ግፊት ሲያገኝ ራሱን በራሱ ማጣበቅ። ዊልያም ሜሰን በ1924 ሚሲሲፒ ላውረል ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂን በከፍተኛ የእንፋሎት ግፊት አፍኖ በድንገት ሲለቀው እንጨቱ ወደ ክር ተበተነ፤ ክሩን በትኩስ ፕሬስ ሲጫነው ያለ ምንም ኮላ ጠንካራ ሰሌዳ ሆነ። ሜሶናይት የሚባለው ይህ ነው፣ ኮላውም የእንጨቱ የራሱ ሊግኒን ነው። የቡና ገለፈት ክሩ አጭር ስለሆነ ብቻውን እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይወጣውም፣ በቺፕውድ ውስጥ ከእንጨት ጋር ተቀላቅሎ ሊገባ ግን ይችላል። ጠባዩ ያው ነው፣ በብሪኬት፣ ማለትም ተጨምቆ ድፍን በሆነ ማገዶ፣ ልትጠቀሚበት የምትችዪውም እሱን ነው።

ብሪኬት ሲባል ብዙ ሰው ከከሰል ዱቄት የሚሠራውን ያስባል። እሱ ሌላ ነው። ገለፈቱን መጀመሪያ አክስለሽ ከፈጨሽው ሊግኒኑ ወደ ካርቦን ተለውጧል፣ የሚያጣብቅ ነገር አልቀረም፤ ስለዚህ ስታርች ወይም ሞላሰስ ወይም ሸክላ አፈር መግዛትና መልሶ ማድረቅ ይመጣል። ጥሬውን ገለፈት በጋለ ቀዳዳ ውስጥ በስክሪው ፕሬስ (በሚሽከረከር ጥምዝ ብረት በሚገፋ መጭመቂያ) ስትገፊው ግን ሊግኒኑ ይለሰልሳል፣ ቅንጣቶቹን ያያይዛል፣ ሲወጣ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ኮላ አትገዢም። ሜትር ኩቡ 200 ኪሎ እንኳ የማይሞላው ልቅ ገለፈት ውኃ ላይ ሲጣል የሚሰምጥ ድፍን ይሆናል፤ አንድ ኤፍኤስአር አየር ሳይሆን ነዳጅ ይጭናል ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ምሥጢሩ እርጥበቱ ነው። ከ8 እስከ 12 በመቶ ድረስ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ውኃው በጋለው ቀዳዳ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣና ብሪኬቱን ይሰነጣጥቀዋል፤ ሲብስም ጭነቱን ወደ ኋላ ወደ መጋቢው እየተኮሰ ይመልሰዋል፣ አጠገቡ የቆመን ሰው ያቃጥላል። በጣም ከደረቀም ሊግኒኑ በቂ አይለሰልስም፣ ስክሪውም ይጨነቃል። ማሽኑ ደህና ሲሠራ የብሪኬቱ ቆዳ የጠቆረና የሚያብለጨልጭ ሆኖ፣ ቀጭን ጭስ እያወጣ፣ ሳይሰበር ይገፋል። ቆዳው ገርጥቶ ሻካራ ከሆነ ቀዳዳው አልሞቀም፤ ክፉኛ ከጨሰ ደግሞ ከመጠን በላይ ግሏል። እንደወጣ አትከምሪው፣ ውስጡ እሳት ስለያዘ በዘረጋሽው ላይ ይቀዝቅዝ። ከዝናብም ጠብቂው፣ ውኃ ከነካው አብጦ ይፈርሳል። የስክሪው ጫፍ እንደሚበላና በየጊዜው በብየዳ ብረት እየተሞላ እንደሚታደስ ከመነሻው ወጪ ውስጥ አስገቢው፤ ማሽን ሻጮቹ ይህን አይነግሩሽም።

የገለፈትሽ ደካማ ጎን አመዱ ነው። ፖታሲየሙ የአመዱን መቅለጫ ሙቀት ያወርደዋል፤ ቦይለር ፍርግርግ ላይ ቀልጦ ይጋገርና አየር ይዘጋል። ለዚህ የማምንበት መፍትሔ ከሰጋቱራ ጋር መቀላቀል ነው። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ አመዱ ትንሽ ነው፣ ከየእንጨት መሰንጠቂያው ይገኛል፣ ማጣበቁንም ያግዛል። ገዢሽን ከቤት ምድጃ አትጀምሪ፤ ጥሬ ብሪኬት ጭስ ስላለው ለተዘጋ ወጥ ቤት አይሆንም፣ እናቶችን ይጎዳል። ቦይለር ያለው ፋብሪካ፣ የጡብ ማቃጠያ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ ዳቦ ቤት ይሻሉሻል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የድንጋይ ከሰል ስለሚያነዱ ልታነጋግሪያቸው ትችያለሽ፣ ግን ብዛትና የማይቋረጥ አቅርቦት ይጠይቁሻል።

ገለፈቱን ሁሉ ግን ወደ ብሪኬት አትለውጪው። ያ ፖታሲየም የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ከፊሉን ከከብት እበት ጋር ኮምፖስት አድርገሽ ለቡናው መልሺ። እንጉዳይም ሌላ በር ነው፤ ኦይስተር የሚባለው የእንጉዳይ ዘር ሊግኒን የመብላት ችሎታ አለው፣ በቡና ገለፈት ላይ ይበቅላል። በባዮቻር (ለአፈር ማዳበሪያ የሚሆን የተክል ከሰል) በኩል ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ስላለው ሰዎቹን በአካል ሄደሽ አነጋግሪ።

ኬሚስትሪው ከልብሽ ካልወጣ፣ እንዲወጣም አልፈልግም፣ ለሁለተኛ ዲግሪሽ የምመርጥልሽ ርዕስ የኮንክሪት አድሚክስቸር፣ ማለትም የአርማታን ጠባይ ለማሻሻል የሚጨመር ነገር፣ ነው። ከባጋስ በሶዳ የወጣ ሊግኒንን ወደ ሊግኖሰልፎኔት መሰል ነገር ቀይሮ በአገራችን ሲሚንቶ መሞከር ትርጉም ያለው ሥራ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ አርማታው ቶሎ እንዳይጠጥር ስለሚያደርግ በጥንቃቄ መለካት ያለበት። ሌላው የኮላው ጉዳይ ነው፤ የፊንላንዱ የእንጨት ውጤቶች ኩባንያ ዩፒኤም በኮምፔርሳቶ ኮላ ውስጥ የፌኖሉን ግማሽ ያህል በሊግኒን ተክቷል። ሁለቱም ግን ለአንቺ የላብራቶሪ ሥራ ናቸው፣ የአባትሽን ገንዘብ አታግቢበት።

ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ከክምሩ ላይ ከላይም ከመሃልም ከታችም ናሙና ወስደሽ እርጥበቱን፣ አመዱንና የአመዱን መቅለጫ ሙቀት አስለኪ። ሊግኒኑንም ማወቅ ካማረሽ በ72 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን የክላሰን ዘዴ ተጠቀሚ፤ ነገር ግን በቡና ገለፈት ውስጥ ያለው ታኒንና ፕሮቲን ከሊግኒኑ ጋር አብሮ ስለሚቀር ቁጥሩ ከእውነተኛው በልጦ ይታይሻል። ገለፈቱን አስቀድመሽ በሙቅ ውኃና በአልኮል ካጠብሽው ስሕተቱ ይቀንሳል። በወር ስንት ኩንታል እንደሚወርድልሽና መፈልፈያው በዓመት ስንት ወር እንደሚሠራም መዝግቢ። የአመዱ ውጤት ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ ፕሬሱ የስክሪው ይሁን የፒስተን፣ ሰጋቱራውስ ስንት እጅ ይግባ የሚለውን በእሱ ላይ ተመሥርተን እንወስናለን።